«አይጧ ታመመች» ወይስ «አይጧን አሳመሟት»? ስለ አንጎል ብግነት ምርምር አማርኛ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በቅርቡ አንድ ወጣት ተርጓሚ የሁለት ገጽ ረቂቅ ይዞ ወደ ሥራ ክፍሌ መጣ። ረቂቁ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች የተሰናዳ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በእንስሳት አማካይነት የአንጎልን ብግነት እንዴት እንደሚያጠኑ በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ተርጓሚው በአንድ አንቀጽ ላይ ተቸግሮ ነበር። አንቀጹ ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. የተባለው መርዝ «የአይጦችን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል» ካለ በኋላ፣ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ «አይጦች ይህን መርዝ ይቋቋማሉ» ይላል። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ራሱ የተሳሳተ ስለ መሰለኝ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሰረዝኩት» አለኝ።

እንግሊዝኛው አልተሳሳተም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ አንድ እንስሳ፣ ሁለተኛው ስለ ሌላ እንስሳ የሚናገር ነው። ሁለቱንም እንስሳት በአንድ ስም የሚጠራው አማርኛችን ነው። ተርጓሚው የሰረዘው ዐረፍተ ነገር እውነት ነበር፤ የተወው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ብቻውን ሲነበብ ግማሽ እውነት ሆኖ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ወጣት መውቀስ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዓመታት በፊት ባረማቸው የጤና ጽሑፎች ውስጥ ተመሳሳይ ስሕተት አይቶ እንዳላየ አልፏል። ዓላማው የነርቭ ሕዋሳትን ቀስ በቀስ በሚያመነምኑ በሽታዎች ላይ፣ ይኸውም በአልዛይመር፣ በፓርኪንሰንና በመሳሰሉት ላይ፣ በቤተ ሙከራ እንስሳት የሚካሄደው የብግነት ምርምር ወደ አማርኛ ሲገባ የሚጠፉ ልዩነቶችን ማሳየት ነው። እነዚህ ልዩነቶች የሚጠፉት አማርኛ መሣሪያ ስለ ጎደለው ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። በአብዛኛው የሚጠፉት በእጃችን ያለውን መሣሪያ ስለማንጠቀምበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. አንድ ስም፣ ሁለት እንስሳ

በቤተ ሙከራ ውስጥ «አይጥ» የምንላቸው ፍጥረታት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ በሳይንሳዊ ስሟ ሙስ ሙስኩሉስ የምትባለው ስትሆን፣ ያደገችው ከ20 እስከ 40 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሁለተኛዋ ራቱስ ኖርቬጊኩስ የምትባለው ናት፤ እስከ 500 ግራምና ከዚያም በላይ ልትመዝን ትችላለች። የሁለቱ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ አይደለም።

ከላይ የተጠቀሰው መርዝ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1982 በሰሜን ካሊፎርንያ በድብቅ የተቀመመ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰውነታቸው ደርቆ፣ መንቀሳቀስና መናገር ተስኗቸው ወደ ሐኪም ቤት ገቡ። ሁኔታቸው በእርጅና የሚመጣውን የፓርኪንሰን በሽታ ይመስል ነበር። በ1983 በታተመ ጥናት መንስኤው በዕፁ ውስጥ የተገኘው ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. መሆኑ ተገለጠ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች መርዙ ጦጣዎችን ክፉኛ እንደሚጎዳ፣ ከሙስ ወገንም በተለይ አንዷን ጥቁር ዝርያ እንደሚጎዳ፣ ራቱስ ግን በአብዛኛው እንደምትቋቋመው ታወቀ። አንዷ የተጎዳችበትን ሌላዋ ለምን ተቋቋመችው? ይህ ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። ተርጓሚው ዐረፍተ ነገሩን ሲሰርዝ ጥያቄውንም አብሮ ሰርዞታል።

ለሁለቱ እንስሳት ሁለት ስም ከየት እናምጣ? ግእዝ «አንጼዋ» የሚል ስም አለው፤ ነገር ግን ቃሉን ዛሬ የሚያውቀው አማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ዘመዱ የሆነው የትግርኛው «ኣንጭዋ»ም ቢሆን ሁለቱን አይለይም። «አይጠ መጎጥ»ን እንጠቀም የሚል አይጠፋም፤ ይህም ከሁለቱ ለአንዷ ብቻ ተለይቶ የቆመ ስም አይደለም። የእንግሊዝኛውን ስም በድምፁ እንዋስ ካልን ደግሞ የሁለተኛዋ ስም «ራት» ይሆናል፤ «ራት አይጦች» ተብሎ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ስለ ምን እንደሚነገረው መገመት አያዳግትም። «ትንሽ አይጥ» እና «ትልቅ አይጥ» ማለትም አያዋጣም፤ «ትንሽ አይጥ» ያላደገች ግልገልንም ያመለክታልና።

በበኩሌ «ንኡስ አይጥ» እና «ዐቢይ አይጥ» የሚሉትን አቀርባለሁ። ሁለቱም ቅጽሎች በሙያ ቃላት ውስጥ የወገን መለያ ሆነው ማገልገል የለመዱ ናቸው፤ «ንኡስ» ሲባል አንባቢው ዕድሜን ሳይሆን ምድብን ያስባል። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ሳይንሳዊው ስም በቅንፍ ቢታከልበት ጥርጣሬ አይኖርም። ከዚህ በታች እኔም በእነዚሁ እጠቀማለሁ።

3. ቁጣና ብግነት

በመጀመሪያው ምእት ዓመት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ኬልሱስ አራት ምልክቶችን ዘርዝሯል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ መታመም። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የላቲኑ ስም ከእሳት ነበልባል የተወሰደ ነው። አማርኛ ግን ወደ እሳት ሳይሆን ወደ ቁጣ ሄዷል። ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል፤ የሙያ ጽሑፎችም «ብግነት» የሚለውን ለምደዋል፤ ይህም «በገነ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ሰው በንዴት ይበግናል፤ አንጀቱ ይበግናል።

ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ቁጣን አያመለክቱም። የተቆጣ ሰው የሚቆጣው ነገር አለው፤ አባት ልጁን የሚቆጣው ከጥፋት ለመመለስ ነው። የበገነ ሰው ግን ውስጥ ውስጡን ይነድዳል፤ ንዴቱ መውጫ የለውም፤ የሚጎዳውም ራሱን ነው። የቋንቋው ተናጋሪ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያኖረው ልዩነት፣ ሳይንሱ ዛሬ በሁለት ዓይነት ብግነት መካከል ለሚያደርገው ልዩነት በእጅጉ ይቀርባል። እሾህ የወጋው እግር ሲቆጣ ቁጣው ዓላማ አለው፤ ቁስሉ ሲጠግግ ይበርዳል። በአልዛይመርና በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ የሚታየው ግን ዓመታት የሚቆይ፣ የማይበርድ ሂደት ነው። ለዚህ እጅግ አስገራሚው ማስረጃ ከዚያው ከካሊፎርንያው አደጋ የተገኘ ነው። በ1999 በታተመ ጥናት፣ መርዙን ወስደው ከነበሩትና ከ3 እስከ 16 ዓመት ከኖሩ በኋላ ከሞቱ ሦስት ሰዎች አንጎል ውስጥ የብግነት ሕዋሳት ሥራቸውን ሳያቆሙ ተገኝተዋል። መርዙ ከሄደ ቆይቷል፤ ብግነቱ ግን ቀርቷል።

ይህ ብግነት ኬልሱስ የዘረዘራቸውን ምልክቶች አያሳይም። አንጎሉ አይቀላም፤ የአንጎል አካል ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ሕመም አይሰማም፤ በአልዛይመርም ጊዜ አንጎሉ በማበጥ ፈንታ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ተርጓሚዎቻችን «የአንጎል ብግነት» ብለው ሲያልፉ ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። በመጀመሪያ፣ አንባቢው እብጠትና ትኩሳት ያስባል። ሁለተኛው የሚከፋ ነው፤ «የአንጎል ብግነት» በሕክምናው ዘንድ በተሐዋስያን የሚመጣውን፣ ትኩሳትና ራስን መሳት የሚያስከትለውን፣ በቀናት ውስጥ ሊገድል የሚችለውን ድንገተኛ በሽታ ለመጥራት የሚያስፈልግ ስም ነው። ያ አስቸኳይ ሕክምና የሚጠይቅ በሽታና ይህ ለዓመታት በዝግታ የሚካሄድ ሂደት በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። ለሁለተኛው «የግሊያ ብግነት» የሚለውን አቀርባለሁ። ምክንያቱም ሂደቱን የሚያካሂዱት በዋነኛነት ግሊያ የሚባሉት የአንጎል ሕዋሳት ናቸው፤ ስሙም ሠሪውን ይጠቁማል።

«ፀረ ብግነት» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ ብግነት ሁሉ ጠላት እንደ ሆነ፣ ያጠፋውም ሁሉ መድኃኒት እንደ ሆነ ያስመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2012ና በ2013 የወጡ ጥናቶች ትሬም 2 የተባለው ዘረ መል በአንዳንድ መልኩ ሲለወጥ በአልዛይመር የመያዝ አደጋ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህ ዘረ መል በአንጎል ውስጥ የሚሠራው በማይክሮግሊያ ውስጥ ነው፤ ለውጡም አገልግሎቱን ያዳክመዋል። እንግዲህ የሕዋሳቱ ምላሽ መድከሙም ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብ የተባሉት የታወቁ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች አልዛይመርን ይከላከሉ እንደ ሆነ ለማወቅ በ2,500 ያህል አረጋውያን ላይ የተጀመረው ሙከራ በታኅሣሥ 2004 በጤና ስጋት ምክንያት እንዲቆም ተደርጓል፤ መከላከያነታቸውም አልተረጋገጠም።

4. «ያረፉ» ሕዋሳት

ግሊያ የሚለው ስም በግሪክ ሙጫ ማለት ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሆ ሕዋሳቱ የነርቮች ማጣበቂያ መስለውት ነበር። በ1919 እስፓኛዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ከመካከላቸው ጥቃቅኖቹን ለይቶ ማይክሮግሊያ አላቸው። እነዚህ የአንጎል ተከላካይ ሕዋሳት ናቸው፤ ሙጫነት የላቸውም። ስሙ የተሳሳተ ቢሆንም በመላው ዓለም የታወቀ ስለ ሆነ፣ በውሰት መውሰዱን እደግፋለሁ፤ «የነርቭ ሙጫ» ብሎ መተርጎም የፊርሆን ስሕተት በአማርኛ እንደገና መወለድ ነው።

ችግሩ ያለው በቅጽሎቹ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ ማይክሮግሊያን «በዕረፍት ላይ ያሉ» እና «የነቁ» ብለው በሁለት ይከፍሏቸው ነበር። በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች በሕይወት ያለችን ንኡስ አይጥ የራስ ቅል አሣሥተው አንጎሏን በረቂቅ ማጉያ ሲመለከቱ፣ ዐርፈዋል የተባሉት ሕዋሳት ቅርንጫፎቻቸውን ያለማቋረጥ እየዘረጉና እየሰበሰቡ አካባቢያቸውን ሲቃኙ አገኟቸው። በ2022ም በርካታ ሊቃውንት በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ይህ ሁለትዮሽ አከፋፈል እንዲቀር ጠይቀዋል። እንስሳቱ በዚህ ረገድ ያበረከቱት ትልቅ ነገር ነው፤ የሰው አንጎል ከሞት በኋላ ሲመረመር የማይታየውን እንቅስቃሴ አሳይተዋል።

በአማርኛው በኩል ግን ከአንድ በላይ ረቂቅ ላይ «ያረፉ ማይክሮግሊያ» የሚል አንብቤአለሁ። አማርኛ ተናጋሪ «ዐረፉ» ሲባል የሚሰማው መርዶ ነው። ሳይንሱ «ሥራ ፈት አይደሉም» ብሎ ያረማቸውን ሕዋሳት እኛ ገድለናቸዋል። «የነቁ» የሚለውም ከዚያ በፊት ተኝተው እንደ ነበር ይጠቁማል፤ በእኔ ዕድሜ ያለውን አንባቢ ደግሞ የልጅነቱን የአደባባይ መፈክር ያስታውሰዋል። በእነዚህ ፈንታ «ቃኚ ማይክሮግሊያ» እና «ምላሽ ሰጪ ማይክሮግሊያ» ቢባል ሁለቱም ሥራ ላይ መሆናቸው ይታወቃል፤ የሥራቸው ዓይነት ብቻ ይለያል።

5. አምሳያው እና አድራጊው

ንኡስ አይጥ በተፈጥሮዋ በአልዛይመር አትያዝም። ይህ ሐቅ በአማርኛ ጽሑፎቻችን ውስጥ ፈጽሞ ጠፍቷል። «አልዛይመር የያዛቸው አይጦች» እያልን የምንጽፍላቸው እንስሳት የሰው ዘረ መል እንዲገባባቸው የተደረጉ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በስፋት የታወቁት በ1995ና በ1996 ቀርበዋል፤ በአንጎላቸውም ውስጥ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ተከማችቷል። የገባባቸው የተለወጠ ዘረ መል በሽታው በዘር ከሚወርድባቸው ጥቂት ቤተሰቦች የተገኘ ነው፤ ይህን በመሰለ ለውጥ የሚታመሙት ከጠቅላላዎቹ የአልዛይመር ሕሙማን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከእነዚህ አይጦች ብዙዎቹ አሚሎይድ ቢያከማቹም፣ በሰው ላይ የሚታየውን የታው ፕሮቲን ቁጥርጥርና ሰፊ የነርቭ ሕዋሳት እልቂት አያሳዩም።

ለእነዚህ እንስሳት «ሞዴል» የሚለውን ቃል የሚጠቀሙ አሉ። እኛ አገር ሞዴል ገበሬና ሞዴል ትምህርት ቤት እናውቃለን፤ በመሥሪያ ቤትም ሞዴል 19 እናውቃለን። «ሞዴል አይጥ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ለሽልማት የታጨች አይጥ ቢመስለው አይፈረድበትም። «አርአያ»ም እንዲሁ ሊከተሉት የሚገባን ያመለክታል። «አምሳያ» የተሻለ ነው፤ «መሰለ» ከሚለው ስለ ወጣ፣ የሚመስል ነገር የሚመስለውን ነገር እንዳልሆነ በውስጡ ይናገራል። ነገር ግን «አምሳያ የሌለው» ስንል አቻ የሌለው ማለታችን ስለ ሆነ፣ ቃሉ ብቻውን ሲቆም እኩያነትን ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ በምን እንደሚመስል አብሮ መነገር አለበት። «የአልዛይመር አምሳያ አይጥ» ከማለት ይልቅ «የአሚሎይድ ክምችት አምሳያ የሆነች ንኡስ አይጥ» ማለት ይገባል።

የመምሰሉ መጠን ራሱ በሊቃውንቱ መካከል ያከራክራል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በቃጠሎ፣ በአካል ጉዳትና በባክቴሪያ መርዝ ጊዜ የንኡስ አይጥ የብግነት ምላሽ የሰውን ምላሽ እምብዛም አይመስልም ሲል ደመደመ። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ በሌላ ዘዴ መርምረው፣ በዚያው መጽሔት ላይ፣ የፊተኛውን ርእስ አንዲት ተውሳከ ግስ ብቻ ለውጠው፣ በእጅጉ ይመስላል የሚል ጽሑፍ አወጡ። «ይመስላል» የሚለው ግስ «በምን? ምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ ካልመለሰ ምንም እንዳልተናገረ ይህ ክርክር በሚገባ ያሳያል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው ግሱ ነው። በብዙ ትርጉሞች ውስጥ «አይጦቹ ታመሙ»፣ «በአይጦቹ አንጎል ብግነት ተከሰተ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይገኛሉ። እንዲህ ሲባል በሽታው በራሱ የመጣ ይመስላል። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ከባክቴሪያ ልባስ የሚገኘውን ሊፖፖሊሳካራይድ ወግተው ብግነቱን ቀስቅሰዋል። መርፌውም መጠኑም የተወሰነ ነው፤ ከዚህም በላይ ንኡስ አይጥ ይህን መርዝ ከሰው እጅግ አብልጣ ትቋቋማለች። አማርኛ ይህን ለመናገር ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ አለው። ታመመ፣ አሳመመ፤ ሞተ፣ ገደለ፤ ቆሰለ፣ አቆሰለ እያልን አድራጊውን በግሱ ውስጥ እናስገባለን። እንግሊዝኛው በረጅም ሐረግ የሚገልጸውን እኛ በአንድ ምዕላድ እንገልጸዋለን። ይህን ትተን «ተከሰተ» በሚለው ግስ መሸሸጋችን የሚያሳዝን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው «ተሠዉ» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛው የቤተ ሙከራ ልማድ እንስሳቱ በሙከራው መጨረሻ ሲገደሉ «ተሠዉ» ይባላል፤ የእኛም ተርጓሚዎች «በ12ኛው ሳምንት አይጦቹ ተሠዉ» ብለው ይጽፋሉ። በአማርኛ የሚሠዋው ለአገሩ ወይም ለእምነቱ ነው፤ ፈቅዶም ነው። አይጧ አልፈቀደችም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቃለል የሚሉ ሦስት መርሖዎች አቅርበዋል፤ እነዚህም ዛሬ በብዙ አገሮች የምርምር ደንብ ውስጥ ይገኛሉ። ደንቡ የሚጠይቀው የተገደለው እንስሳ እንዲቈጠር ነው። «ተገደሉ» ብሎ የማይጽፍ ቋንቋ ለመቁጠርም አይመችም።

6. «ዳነ» የሚለው ግስ ያስከተለው

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የሚኖሳይክሊንን ታሪክ ይመልከት። ይህ መድኃኒት ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ ፀረ ባክቴሪያ ሲሆን የማይክሮግሊያን ምላሽም ያበርዳል። ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለውን፣ ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን አመንምኖ የሚገድል በሽታ ለማጥናት የሰው የተለወጠ ዘረ መል የገባባቸው ንኡሳን አይጦች ከ1994 ጀምሮ አሉ። በ2002 ሚኖሳይክሊን በእነዚህ አይጦች ላይ የበሽታውን ግስጋሴ እንዳዘገየ ተነገረ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በ2007 ግን በ412 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ታተመ። ሚኖሳይክሊን የወሰዱት ሕሙማን ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ ሩብ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ደከሙ። አይጦቹን የረዳው መድኃኒት ሰዎቹን ጎዳ።

እንግዲህ በ2002 እና በ2007 መካከል አንድ ተርጓሚ የ2002ቱን ዜና «የኤ.ኤል.ኤስ. በሽታ በታወቀ ፀረ ባክቴሪያ ዳነ» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? የዚህ ዓይነት መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ ነው ብሎ የሚምል ማን ነው? «ዘገየ»፣ «ቀነሰ»፣ «ተሻለ»፣ «ዳነ» አራት የተለያዩ ግሶች ናቸው፤ እንደ ተመሳሳይ መቈጠራቸው የአማርኛ ድህነት ሳይሆን የጸሐፊው ችኮላ ነው።

ጉድለቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ መግለጽ ይገባል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በንኡሳን አይጦች የተሠሩ 623 የአልዛይመር ጽሑፎችን መርምሮ፣ የሳይንሳዊው ጽሑፍ ርእስ አይጥን ሳይጠቅስ ሲቀር፣ ጋዜጦችም በርእሳቸው ሳይጠቅሱ የመቅረታቸው ነገር እንደሚጨምር አሳይቷል። ስሕተቱ ከምንጩ ይጀምራል። ተርጓሚው ግን በምንጩና በአንባቢው መካከል የቆመ የመጨረሻው ጠባቂ ነው፤ ምንጩ በርእሱ የደበቀውን በአንቀጹ ውስጥ ካገኘው ወደ ርእሱ የመመለስ መብት አለው።

7. ሁለት ተቃውሞዎችና ማጠቃለያ

አንደኛው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፤ «ለተራው አንባቢ አይጥ አይጥ ነው፤ ንኡስና ዐቢይ ምን ያደርግለታል?» ለዚህ የምሰጠው መልስ፣ ባሏን ወይም እናቷን የምታስታምም ሴት ተራ አንባቢ አይደለችም የሚል ነው። ለአንድ ክኒን ዕቃ ሸጣ ገንዘብ ልታወጣ የምትችለው እርሷ ናት። መድኃኒቱ የተሞከረው በምን ላይ እንደ ሆነ የማወቅ ጉዳይ ከሊቁ ይልቅ ለእርሷ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ርዝመት ነው፤ «የአሚሎይድ ክምችት አምሳያ የሆነች ንኡስ አይጥ» ለጋዜጣ ርእስ አይመችም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ርእሱ «በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ» የሚለውን መያዝ አያቅተውም፤ ዝርዝሩም በመጀመሪያው አንቀጽ ይግባ። ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ቃል ያሳጥራሉ፤ የተዘለለውን ሁሉም ያውቁታልና። ያ ጽሑፍ ከሊቃውንቱ ክበብ ወጥቶ ሲተረጎም የተዘለለው ተመልሶ መግባት አለበት።

በጠቅላላው ይህ ጽሑፍ የሚያቀርባቸው ሐሳቦች አምስት ናቸው። ሁለቱ እንስሳት «ንኡስ አይጥ» እና «ዐቢይ አይጥ» ተብለው ይለዩ። «የአንጎል ብግነት» ለድንገተኛው በሽታ ተጠብቆ፣ ሥር የሰደደው ሂደት «የግሊያ ብግነት» ይባል። ማይክሮግሊያ «ቃኚ» እና «ምላሽ ሰጪ» በሚሉ ቅጽሎች ይገለጹ። «አምሳያ» የሚለው ቃል በምን እንደሚመስል ሳይነገር ብቻውን አይቁም። በተመራማሪው እጅ የተፈጸመ ነገር ሁሉ አድራጊውን በሚያሳይ ግስ ይጻፍ፤ የተገደለም «ተገደለ» ይባል።

ያ ወጣት ተርጓሚ ረቂቁን መልሶ ወስዶ ከሳምንት በኋላ አንቀጹን እንዲህ አድርጎ አመጣው፤ «ተመራማሪዎች ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. የተባለውን መርዝ ወግተው ንኡሳን አይጦችን አሳመሙ፤ መርዙም በአንጎላቸው ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ገደለ። ዐቢያን አይጦች ግን መርዙን በአብዛኛው ተቋቋሙት። ሰው ከሁለቱ የትኛዋን ይበልጥ እንደሚመስል ለማወቅ አይጦቹን ብቻ መመርመር አይበቃም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ውስጥ የለም። ይሰረዝ ወይስ ይቆይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ በቅንፍ አስገብቶ «የተርጓሚው ማስታወሻ» ብሎ እንዲፈርምበት መከርኩት። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ወይም አሠራር ያላቸው አንባብያን ሐሳባቸውን በዚሁ መጽሔት ቢያቀርቡ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የራሱን ለመተው ዝግጁ ነው።